አምባሩ የታሰረበት እጅ

በወደብ ከተማ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ግድግዳውን ነው። ፊት ከመታጠብ በፊት መሆኑ ግድ ነው፤ ፊት የሚታጠቡበት ውሃ የሚመጣው ከሰላምታው በኋላ ነውና። በየቤቱ ከበሩ በስተቀኝ መዳፍ የምታህል ጥቁር ሰሌዳ አለች። የእጅ አንጓን እዚያ ላይ ያሳርፏል፣ ግድግዳው የልብን ምት አዳምጦ በስም እስኪጠራ ይጠብቋል፣ ከዚያ ባልዲ ይደቅኗል። እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሰላም ያላለ ሰው የዚያን ቀን ውሃ የለውም። ጎረቤትና ጎረቤት መንገድ ላይ ሲገናኙ ድሮ «እንደምን አደርሽ» ይባባሉ ነበር፤ አሁን «ሰላም አልሽ?» ሆኗል።

ከተማዋ ወደብ የተባለችው ሐይቁ ደጇ ድረስ ይመጣ በነበረበት ዘመን ነው። ሐይቁ ሸሽቶ ሸሽቶ አሁን ከተራራው ሥር እንደ ተረሳ የእጅ መስታወት ብልጭ ይላል። ስሙን ግን ማንም የቀየረው የለም፤ ስም ለመቀየርም ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል።

ወይዘሮ ኤልዳና ባሏን አቶ ያፌትን በቀበረች በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንጓዋን ሰሌዳው ላይ አሳረፈች።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ኤልዳና» አለ ግድግዳው፣ በዚያ ሁልጊዜ ለስላሳ በሆነው ድምፁ። «የባለቤትዎ ውሃ እስከ አርባቸው ይቀጥላል። ሃያ ስምንት ቀን ይቀርዎታል። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ጡረታ በወደብ ውሃ ነው። ብሩ የሚገዛው ነገር ሲጠፋ መንግሥት የሠራን ሰው በውሃ መጦር ጀመረ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ሠራተኛ ሲሞት ውሃው እስከ አርባው ለቤቱ ይፈስሳል። በአርባው ቀን፣ የሟች ሚስት ወይም ባል በሟቹ ሥራ የተተኪነት አበል ካልተፈቀደለት፣ መስመሩ ይዘጋና ግራጫ መኪና ይመጣል። መኪናው ሰውዬውን ከነፍራሹ ጭኖ ላይኛው ሰፈር ያደርሰዋል። ላይኛው ሰፈር ክፉ ነው ያለ ሰው የለም። ከዚያ ተመልሶ ደህና ነው ያለም የለም። የኤልዳና ጎረቤት እማማ ሶልያና አምና ሲሄዱ ሬዲዮናቸውን አቅፈው ነበር፤ የመጀመሪያው ወር ደብዳቤ ጻፉ፣ ከዚያ ዝም አሉ።

ኤልዳና በወረቀት አንድም ቀን ሠርታ አታውቅም። ወረቀቱ የሚለው «የቤት እመቤት» ነው። ያላት ነገር የያፌት ሥራ ብቻ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሐይቅ ለኪነት። ችግሩ ሃያ ስድስቱንም ዓመት የሠራው ያፌት አለመሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐይቅ ለኪ ሥራ ጠዋትና ማታ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ውሃው ውስጥ የተተከለውን ባለምልክት ምሰሶ አንብቦ፣ ቁጥሩን በእጅ ለታሰረ አምባር መንገር ነው። ያፌት በዘጠነኛው የሥራ ዓመቱ ከምሰሶው ጋር አብሮ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ሁለት ሳምንት ጸበል ልግባ ብሎ ሄደ። ሁለቱ ሳምንት ሰባት ወር ሆነ። ሲመለስ በምርኩዝ ነበር፤ ቁልቁለቱንም ከሩቅ ከማየት በቀር አልወረደውም።

በዚያ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ «ፈርምልኝ» የሚባል ነገር ነበር። አንዱ ሲቀር ሌላው ይፈርምለታል፤ ጨው እንደ መበደር ነው፣ ነውርነቱን ያሰበ አልነበረም። ያፌት ጸበል የገባ ዕለት አምባሩን ከእጁ አውልቆ በኤልዳና እጅ ላይ አሰረው። እጇ ቀጭን ስለነበር በጥቁር ክር አጠበቀላት።

«እስክመለስ ፈርሚልኝ» አላት።

ፈረመችለት። አሥራ ሰባት ዓመት።

«ሠራተኛ ሰባት ሺህ አርባ አንድ፤ ጠዋት፤ ሦስት ሜትር ከሃያ» ትላለች ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ። ዓመት ባለፈ ቁጥር ምሰሶው እየተነቀለ ወደ ውስጥ ይተከላል፤ ዓመት ባለፈ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል። ተቆጣጣሪው አቶ ገመዳ በወር አንድ ቀን ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ያገኛት ዕለት አያት፣ አምባሩን አየ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

«ያፌት፣ ዛሬ ውሃው እንዴት ነው?» አለ፣ እሷን ሳያይ።

«ቀንሷል ጌታዬ» አለች።

«ቀንሷል» ብሎ ጻፈና ሄደ። ገመዳ ራሱ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያፌት እያለ ጠራት። እውነቱን ለመናገር ኤልዳና ሥራውን ወድዳው ነበር። ያፌት ካነበበው ይልቅ የእሷ ንባብ የጠራ ነበር፣ ያፌትም ያውቀዋል፤ እራት ላይ «የሐይቁ ሚስት መጣች» እያለ ይቀልድባት ነበር። ቀልዱ አንዳንድ ቀን ሆዷ ውስጥ ይቀር ነበር።

ያቺን ቁጥር በቀን ሁለቴ ለአሥራ ሰባት ዓመት ስለጠራቻት ከጸሎት ይልቅ ለአፏ የቀረበች ነበረች። በቀብሩ ዕለት መዝጋቢው ሰውዬ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «የሟች ሠራተኛ ቁጥር?» ሲላት፣ ካህኑ ፍትሐቱን ሳይጨርሱ፣ «ሰባት ሺህ አርባ አንድ» ብላ መለሰች። ስም አልጠየቃትም። የሟችን ስም ከቁጥሩ ያገኘዋል።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጥቁሯን ለብሳ፣ አምባሩን በመሐረብ ቋጥራ ጡረታ ቤት ሄደች። አዳራሹ ውስጥ ስድስት መስኮቶች አሉ፤ ከመስኮቶቹ በስተጀርባ ሰው የለም። ሰው ያለው ከአራተኛው መስኮት አጠገብ ብቻ ነበር፤ ወይዘሮ ሲፈን ትባላለች፣ ወደ ሃምሳ የተጠጋች፣ ሰፊ ፊት ያላት ሴት። ደረቷ ላይ ያለው ባጅ «መርዶ ነጋሪ» ይላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ግድግዳ አንዲትን እናት ፊቷን እየታጠበች ሳለ የልጇን ሞት ነግሯት ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፉ ወሬ በሰው አፍ እንዲነገር ሕግ ወጣ። ሲፈን የሞተ ሰው ሲኖር ማልዳ ከሁለት ሰዎች ጋር በር ታንኳኳለች፤ ሌላውን ሰዓት መስኮቱ የከለከለውን ሰው ታጽናናለች።

«ይቀመጡ እማማ» አለች ሲፈን። «አምባሩን ከመስኮቱ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ያስገቡልኝ።»

ኤልዳና አስገባች። ከመስኮቱ ውስጥ ድምፅ መጣ፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ የሚል፣ ዝግ ያለ፣ ባለቤቱ የማይቸኩል። ኤልዳና ጆሮዋን ሰጠች። አርባ ዓመት አጠገቡ የተኛችበትን ነገር ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም።

«እሱ ነው» አለች። «ልጄ፣ ይሄ የያፌት ልብ ነው።»

«ነው። አምባሩ የለበሰውን ሰው ልብ ያስቀራል። ያን ጊዜ የነገራችሁ የለም፤ እኛም ብንሆን ማዳመጥ የጀመርነው በቅርቡ ነው።»

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ሁለተኛው ልብ ፈጠን ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ ቁልቁለት የሚወርድ ልብ ነበር።

ሲፈን ወንበሯን አስጠጋች። «የአቶ ያፌት መዝገብ ሁለት ልብ አለበት እማማ። የመጀመሪያው ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሁለተኛው አሥራ ሰባት። አበል የሚያስገኘው አሥራ አምስት ዓመት ነው። ዘጠኝ አይበቃም።»

«ስለዚህ ከለከላችሁኝ?»

«አልከለከልንም። መስኮቱ የሚጠይቀው ሁለተኛው ልብ የማን እንደሆነ ነው። ባለቤቱ ካልተገኘ አሥራ ሰባቱ ዓመት ይሰረዛል። ከተገኘ ግን ቁጥሩ ከነመዝገቡ ብዙ ወደ ሠራው ልብ ይዞራል፤ ጡረታውም የእሱ ይሆናል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስለ ክስ አይስጉ፤ ይርጋው አልፏል። በእጄ ስንት ሰው አልፏል መሰልዎት? ሰው አምባር ይዋዋስ ነበር።»

ኤልዳና መሐረቧን አጥፋ ፈታች። የያፌት መቃብር ላይ የተጻፈው «የሐይቁ ለኪ» ነው። አገር የሚያውቀው ያንን ነው። አንጓዋን እዚህ መስኮት ላይ ብታሳርፍ ባሏን ከሞተ በኋላ ከሥራው ልታባርረው ነው። ባታሳርፍ ግን ግራጫው መኪና አለ፣ ፍራሽ አለ፣ የመጀመሪያው ወር ደብዳቤ አለ። ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ለማንም የማትናገረው ሌላ ነገር ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያፌት ተብላ ስትጠራ «አቤት» ብላለች። አንድ ቀን እንኳ በራሷ ስም ብትጠራ ደስ ይላት ነበር።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምትናገር። እጅጌዋን ሰብስባ አንጓዋን መስኮቱ ላይ አሳረፈች።

«ተመሳስሏል» አለ መስኮቱ። «ሠራተኛ ሰባት ሺህ አርባ አንድ ወይዘሮ ኤልዳና ናቸው። መዝገቡ እስከ አርባው ቀን ይስተካከላል።»

ሲፈን አምባሩን ከመሳቢያው አውጥታ መለሰችላት። «ለማስታወሻ ይሁንዎት። በጎኑ ያለችውን ነጥብ ሲጫኗት ያሰማል፤ አንድ ጊዜ የእሳቸውን፣ ሁለት ጊዜ የእርስዎን።» ከዚያ ፈገግ አለች፤ በዚያ አዳራሽ ፈገግታ ብርቅ ነው። «እንኳን ደስ አለዎት ልበል? መርዶ ነጋሪ ይህን ቃል የሚልበት ቀን አይገጥመውም።»

ኤልዳና ወደ ቤቷ ስትሄድ ጥቁር መልበሷን ረስታ ፈጠን ፈጠን ትል ነበር። በልቧ ያፌትን ይቅርታ ጠየቀችው፤ ይቅር ያላትም መሰላት። በቀጣዮቹ ቀናት ግድግዳው ጠዋት ጠዋት «መዝገብዎ በመስተካከል ላይ ነው» ይላት ነበር። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ተቀምጣ የአምባሩን ነጥብ አንድ ጊዜ ትጫናለች፤ የያፌት ልብ ጭኗ ላይ ይመታል። ሁለት ጊዜ የተጫነችው አንድ ቀን ብቻ ነው። የራስን ልብ ከውጭ መስማት ደስ አይልም።

በአርባኛው ቀን ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ለተዝካሩ የመጡ ዘመዶች መሰሏት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከፈተች። ደጁ ላይ ሲፈን ጥቁር ሻሽ አስራ ቆማለች። ከኋላዋ ሁለት ወንዶች አሉ፤ አንዱ የታጠፈ ጥቁር ጨርቅ ይዟል፣ ሌላው ሰዓቱን ያያል። ከመንገዱ ጫፍ ግራጫው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል።

«እንደምን አደራችሁ» አለ ጨርቅ የያዘው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «አቶ ያፌት አሉ?»

ኤልዳና ቀልድ መስሏት ሲፈንን አየች። ሲፈን ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

«ያፌት ዛሬ አርባው ነው» አለች ኤልዳና። «ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«መርዶ ይዘን ነው» አለ ሰውዬው። «ለአቶ ያፌት። ባለቤታቸው ሠራተኛ ኤልዳና ከአርባ ቀን በፊት አርፈዋል።»

ሲፈን ደፉን አልፋ ገባችና የኤልዳናን ክንድ ያዘች።

«እማማ፣ እኔም ያወቅሁት ከመኪናው ስወርድ ነው» አለች በለሆሳስ። «የቀብር ወረቀቱ የሞተው ሰባት ሺህ አርባ አንድ ነው ይላል። ሰባት ሺህ አርባ አንድ ደግሞ እርስዎ ሆነዋል።»

«ቁጥሩን የተናገርኩት እኔ ነኝ» አለች ኤልዳና። በሩን ተደገፈች። «በገዛ አፌ። ልጄ፣ እኔ እኮ ይኸው ቆሜያለሁ። ታዪኛለሽ።»

«አያለሁ። የእኔ ማየት አይመዘገብም።»

«አቤት እላለሁ።»

«ለሞተ ሰው አቤቱታ የሚያቀርበው ተተኪው ነው። ተተኪዎ አቶ ያፌት ናቸው።»

ኤልዳና ወደ ግድግዳው ሄደች። አንጓዋን ሰሌዳው ላይ አሳረፈች። ጠበቀች። ግድግዳው አልጠራትም። ጠንክራ ተጫነችው፤ ሌላኛውንም እጅ ሞከረች። የራሷን ልብ ጆሮዋ ውስጥ ትሰማዋለች፣ ግድግዳው ግን እንደ ማንኛውም ግድግዳ ዝም ብሎ ቆሟል። እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም።

«መርዶው ከተነገረ በኋላ ተተኪው ሰላም ማለት አለበት» አለ ሰዓት የሚያየው፣ ሰው ላይ ሳይጨክን፣ የታዘዘውን እየተናገረ። «እስከ ሁለት ሰዓት ነው። ካላለ ቤቱ ነዋሪ የለውም ማለት ነው። እቃውን መኪናው ይወስዳል።»

«እኔንስ?» አለች ኤልዳና።

ጨርቅ የያዘው ወረቀቱን ገለጠ። ስለ እሷ የተጻፈ ነገር አላገኘም።

ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ኤልዳና ወደ ጓዳ ገባች። አምባሩን ከመሐረቡ ፈታች። ጥቁሩ ክር አሁንም አለበት። ያንን ክር ያፌት በጥርሱ ቆርጦ ያሰረላት ዕለት ትዝ አላት፤ እስክመለስ ያላት። በግራ እጇ ላይ አሰረችው፤ እጇ ከዚያን ጊዜም ይልቅ ቀጥኗል፣ ክሩን አንድ ዙር ጨመረች። ስትወጣ ሲፈን አየቻት፣ አምባሩን አየች።

ሲፈን ፊቷን ወደ ደጅ አዞረች።

«አቶ ያፌት» አለች፣ ወደ ሸሸው ሐይቅ እያየች። «እንደምን አደሩ።»

ኤልዳና የሚመለሰውን ቃል አልረሳችውም ነበር።

«አቤት» አለች።

ሁለቱ ወንዶችም አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ደጅ መለሱ። ኤልዳና አምባሩን ሰሌዳው ላይ አስደግፋ ነጥቧን አንድ ጊዜ ተጫነች። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፤ ዳሌው ያልተሰበረ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ልብ፣ ሳይቸኩል ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ግድግዳው አዳመጠ።

«እንደምን አደሩ አቶ ያፌት» አለ። «በባለቤትዎ በወይዘሮ ኤልዳና ሥራ የተተኪነት አበል ተፈቅዶልዎታል። በየጠዋቱ ሰላም ይበሉን። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ቧንቧው ሳለና ውሃው መጣ። ከመንገዱ ጫፍ የመኪናው ሞተር ድምፅ ራቀ።

ጨርቅ የያዘው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «መርዶ ሲነገር ልቅሶ መሰማት አለበት» አለ፣ አሁንም ፊቱን ሳያዞር። «ግድግዳው ያዳምጣል። አለዚያ እንዳልተነገረ ይቆጥረዋል።»

ሲፈን መሬት ላይ ተቀመጠችና ጀመረችው፤ የሥራዋ ነው፣ ታውቅበታለች። «ወይኔ ኤልዳና» አለች፣ «ወይኔ የሐይቁ ለኪ፣ ቁልቁለቱን ማን ይወርደዋል።» ኤልዳና ስሟ ከሥራዋ ጋር በሰው አፍ ሲጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ባልዲው አጠገብ ተንበርክካ፣ ስለዚያች ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ስለኖረች ሴት አለቀሰች፤ ማስመሰል አላስፈለጋትም። ባልዲው ሲሞላ እያለቀሰች ሌላ ደቀነች።